የቀለጠው መስታወቴ በማግስቱ ለምን ተሰነጠቀ?

ጤና ይስጥልኝ ውድ አንባቢያን። ባለፈው እትም የመስታወት ቁርጥራጮችን እቶን ውስጥ አጣብቆ ጌጥ ስለመስራት ሁለት ሶስት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ብዛት ራሴን አስደንቆኛል። እኔ ይሄን ስራ በጣም ነው የምወደው፣ ስለሱ ሲጠይቁኝ ማቆም አልችልም፣ ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለማቅለጡ ነው፣ ስንት ዲግሪ ላይ፣ ምን ያህል ደቂቃ ምናምን፣ ስለማቀዝቀዙ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። የአብዛኛው ችግር መነሻ ደግሞ እዛ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ከወር በፊት ያገለገለ ትንሽ እቶን አግኝቼ ጀምሬያለሁ። ከመስኮት መስታወት ክብ ቆርጬ ላዩ ላይ ጓደኛዬ የሰጠችኝን ባለቀለም ቁርጥራጮች ደርድሬ አቀለጥኩት። ሳወጣው በጣም ያምር ነበር። ማታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ማንም አልነካውም። ምን አጥፍቼ ነው? — ግራ የገባት ጀማሪ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ያልደረሰበት መስታወት አቅላጭ የለም። ማንም ሳይነካው መሰንጠቁ ነው ሰውን የሚያስገርመው፣ ግን መስታወቱ የተበላሸው ሌሊት አይደለም፣ ገና እቶን ውስጥ እያለ ነው፣ ሌሊት ላይ የያዘውን ውጥረት መቻል አቅቶት ለቀቀው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ግን ሁሉም መስታወት እኩል አይሰበሰብም። ለዚህ ነው ለማቅለጥ ተብሎ የሚመረት መስታወት ላይ 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር የምታዪው፣ የመስፋፋት ቁጥር ይባላል። 90 ማለት 1 ሜትር የሚረዝም መስታወት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በ9 ማይክሮን ይረዝማል ማለት ነው፣ ማይክሮን ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በጣም ኢምንት ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው። 30 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 90 መስታወት ጠንክሮ ቅርጹን ከያዘበት ከ500 ዲግሪ አካባቢ እስከ ክፍል ሙቀት ሲወርድ ወደ 1.3 ሚሊሜትር ያጥራል። የመስኮት መስታወት ደግሞ ቁጥሩ 84 አካባቢ ስለሆነ የሚያጥረው ወደ 1.2 ሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው 0.1 ሚሜ እንኳን አይሞላም። ግን ሁለቱ ተጣብቀዋል፣ አንዱ ልሰብሰብ ሲል ሌላው አልመጣም ይላል፣ መስታወት ደግሞ እንደ ብረት አይለመጥም፣ ይጎተታል ይጎተታል በቃ የሆነ ሰአት ላይ ይሰነጠቃል። በ10 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ በማግስቱ ሊሆን ይችላል፣ ከወራት በኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለም ሊሆን ይችላል።

አሁን የተሰበረውን አትጣዪው፣ አምጪና ስንጥቁን እይው። ስንጥቁ የቀለሙን ቁርጥራጭ ዳር ዳሩን ተከትሎ ከዞረ ሁለቱ መስታወቶች አይስማሙም ማለት ነው፣ ያንቺ እንደዛ እንደሚሆን እገምታለሁ። ቀለሙን ከቁብ ሳይቆጥር መሀል ለመሀል እንደ ወንዝ ጠምዘዝ ብሎ ካለፈ ግን ችግሩ ማቀዝቀዙ ነው። ሌላም አለ፣ የተሰበረውን ጠርዝ ጠጋ ብለሽ ስታዪው ስለታም ከሆነ ሲቀዘቅዝ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የተሰበረው፣ ጠርዙ ለስልሶ ከተድቦለቦለ ግን ገና ሙቀቱ ሲጨምር ተሰብሮ ኋላ ላይ ነው አብሮ የቀለጠው፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጥነሽ አሙቀሽዋል ማለት ነው። ይሄን ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን ስራ ተምሯል።

ወደፊት ምንነቱን የማታውቂው መስታወት ሲመጣልሽ ሙሉ ስራ ላይ ከማዋልሽ በፊት ፈትኚው። ከምትጠቀሚበት ንጹህ መስታወት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጪ፣ ላዩ ላይ የጥፍር ያህል የማታውቂውን መስታወት አድርጊ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ከራሱ ከታችኛው መስታወት ሌላ ቁራጭ አድርጊ፣ ይሄ ሁለተኛው እንዳይረሳሽ። አቅልጪውና ቀስ ብለሽ አቀዝቅዢው። ከዛ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቺ፣ ፖላራይዝድ የሆነ የጸሀይ መነጽር ያዢና ስክሪኑ ጥቁር እስኪሆን ድረስ አዙሪው (አንዳንድ ስክሪን ላይ አይሰራም፣ ኤልሲዲ መሆን አለበት)፣ ከዛ መስታወቱን በስክሪኑና በመነጽሩ መሀል አስገቢው። ውጥረት ካለ ጨለማው ውስጥ በቁራጩ ዙሪያ ብርሀን ታያለሽ፣ ልክ ጨረቃ ጉም ውስጥ ሆና ዙሪያዋን እንደምታበራው። ብርሀኑ የማታውቂው መስታወት ዙሪያ ብቻ ከሆነ አይስማማም፣ ለይተሽ አስቀምጪው። ከራሱ በተቆረጠው ቁራጭ ዙሪያም ካለ ግን በደንብ አላቀዘቀዝሽውም፣ ፈተናውን ድገሚው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መስታወት ውስጥ ያለውን ጭንቀት በአይኔ ያየሁ ነው የመሰለኝ፣ አሁንም ድረስ እያንዳንዱን ስራ ሳላሳየው ለሰው አልሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ ይስማማሉ ማለት አይደለም። መስታወት ሲቀዘቅዝ የሚጠነክርበት ፍጥነትም አብሮ መሄድ አለበት፣ እሱ ደግሞ ቁጥሩ ላይ አይጻፍም። ስለዚ ፋብሪካው ራሱ ፈትኖ ተስማሚ ብሎ የሸጠውን ወይ ራስሽ የፈተንሽውን ብቻ እመኚ። 90 እና 96 ደግሞ በፍጹም አይቀላቀሉም፣ መደርደሪያሽ ላይ እንኳን ለያይተሽ አስቀምጫቸው፣ ቁራጭ ሲሆኑ ማንም አይለያቸውም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የተጠራቀሙ ጠርሙሶች አሉኝ፣ አረንጓዴም ቡኒም ነጭም። ሰባብሬ አንድ ላይ ባቀልጣቸው ይሆናል? — ጠርሙስ ሰብሳቢው

መልስ፦ አንድ ላይ አይሆንም ወንድሜ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ከራሱ ጋር ብቻ ነው እርግጠኛ ሆነህ የምታቀልጠው፣ አንድ አይነት የሚመስሉ ሁለት ጠርሙሶች እንኳን ከተለያየ ፋብሪካ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ይሄ ተስፋ እንዳያስቆርጥህ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻውን ብዙ ነገር ይሆናል። በቁመቱ አስተኝተህ ብታሞቀው ጠፍጣፋ ሆኖ አንገቱ ላይ ማንጠልጠያ የሚገባበት ጌጥ ይሆናል፣ ሰባብረህ ፍርፋሪውን ሞልድ (እሳት የሚችል ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ብትሞላው ደግሞ እንደ በረዶ የሚያበራ ጎድጓዳ ሳህን ይወጣሃል። ጠርሙስ ለማቅለጥ ተብሎ ከሚመረተው መስታወት ትንሽ ደረቅ ያለ ነው፣ ከ800 ዲግሪ ከፍ ማለት ይፈልጋል፣ ስለዚ የሌላ መስታወት የሙቀት ፕሮግራም ገልብጠህ አታሙቀው። ወረቀቱንና ሙጫውን አንድ ሳታስቀር ላጠው፣ የቀረ ሙጫ ጠባሳ ይሆናል። ስትሰብረው በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ፣ መነጽር አድርገህ። እሳት የሚችሉ የላብራቶሪና የማብሰያ መስታወቶችን ደግሞ (ፓይሬክስ የሚባሉትን አይነት፣ የድሮዎቹ ቦሮሲሊኬት ናቸው) ጭራሽ አታስጠጋ፣ የመስፋፋት ቁጥራቸው 33 አካባቢ ነው፣ ከምንም ጋር አይገጥሙም።

ጥያቄ፦ ጥያቄዬ አጭር ነው። እቶኑን መቼ ነው መክፈት የሚቻለው? ማየት አላስችል እያለኝ ነው። — መታገስ ያቃታት

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ተባረኪ፣ ቅድም አንድ ሰው ብቻ ጠየቀኝ ያልኩት አንቺን ነው።

መስታወት ከቀለጠ በኋላ ወደታች ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ማረፍ አለበት፣ አኒሊንግ ይሉታል። የውጪው ቀድሞ ይቀዘቅዛል የውስጡ ይዘገያል፣ እዛ ማረፊያ ላይ ግን ውስጡም ውጪውም ታችኛውም ላይኛውም አንድ አይነት ሙቀት ላይ ይደርሳሉ፣ የነበረው ውጥረት ይፈታል። ለብዙው ባለ 90 መስታወት ማረፊያው 482 ዲግሪ ነው፣ ለባለ 96 ወደ 510፣ ለመስኮት መስታወት ደግሞ ወደ 540 እና 550። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ለሆነ ስራ እዛ ማረፊያ ላይ 1 ሰአት ይበቃል፣ ከዛ በሰአት ወደ 80 ዲግሪ እየቀነስሽ እስከ 370 ታወርጂዋለሽ፣ ከዛ በታች እቶኑን አጥፍተሽ ዝግ እንዳለ መተው ነው። ክዳኑን ለመክፈት ከ50 ዲግሪ በታች ይሁን፣ በእጅሽ ይዘሽ ምንም ካልመሰለሽ ያኔ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ነው። እጥፍ ወፍራም ከሆነ እጥፍ ጊዜ ይበቃዋል ብሎ ያስባል። አይበቃውም። ወፍራም ስራ ላይ፣ ከ12 ሚሜ ጀምሮ፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የማቀዝቀዣው ፍጥነት ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። 12 ሚሜ የሆነውን ከማረፊያው ሲነሳ በሰአት 55 ዲግሪ ካወረድሽው 25 ሚሜ የሆነው በሰአት 15 ነው፣ 50 ሚሜ የሆነው ደግሞ በሰአት 4 እንኳን አይሞላም። ለዛ ነው ትልልቅ የመስታወት ስራዎች እቶን ውስጥ ሳምንታት የሚቆዩት።

እኔ ይሄን የተማርኩት በአንድ ሳህን ነው። ለሰርግ ስጦታ ነበር፣ ሶስት ቀለም ሰማያዊ ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ደርድሬ የሰራሁት፣ ዘንጎቹን መቁረጥ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰርጉ በማግስቱ ስለነበረ ቴርሞሜትሩ 210 ሲል ክዳኑን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ አየሁት። በጣም ያምር ነበር። እየዘጋሁ ሳለ ጥቅ የሚል አንድ ድምጽ ሰማሁ፣ ትንሽ ድምጽ ነው፣ እንደ ቀጭን እንጨት ሲሰበር። ያን ድምጽ ከዛ በኋላ ረስቼው አላውቅም። ስለዚ እህቴ ማታ ጀምሪው፣ ሙቀቱ በሚያሰጋበት ሰአት አንቺ ተኝተሽ እንድትሆኚ አድርጊው። እኔ እስካሁን የማደርገው እንደዛ ነው፣ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ንብርብር መስታወት አቅልጬ መሀሉ ላይ ትልቅ አረፋ ተነፍቶ ፈንድቶ ቀዳዳ ሆነብኝ። ሙቀቱን ልቀንስ? — አረፋ ያስመረረው

መልስ፦ ሙቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው ችግሩ። ዳር ዳሩ ቀድሞ ሲጣበቅ መሀል ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ከዛ ሲሞቅ ይነፋል። ከ600 እስከ 670 ዲግሪ ያለውን መንገድ ቀስ ብለህ ሂድና 660 እና 670 አካባቢ ላይ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አሳርፈው፣ እዛ ላይ መስታወቱ ለስልሶ ተጭኖ አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ግን ገና አልተጣበቀም። ሁለቱን ንብርብር ስትደራርብ ደግሞ አራቱ ማእዘን ላይ ትንሽ የመስታወት ፍርፋሪ ጣል አድርግ፣ ላይኛው ከፍ ብሎ ይቆምና አየሩ በጎን ይወጣል። አረፋው ከመስታወቱ ስር ከሆነ የመጣው እቶን ውስጥ መስታወቱ የሚተኛበት መደርደሪያ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው ማለት ነው፣ ማስመሪያ በጠርዙ አቁመህ ከኋላው ብርሀን ይገባ እንደሆነ እየው፣ ወይ ከስሩ ስስ ፋይበር ፔፐር (እሳት የሚችል ወረቀት መሰል ንጣፍ) አንጥፍ።

አንድ ንብርብር ብቻ የሚያቀልጡ ሰዎችም «ጠርዙ ተሰብስቦ እንደ መርፌ ሾለ» ብለው ጽፈውልኛል፣ እግረ መንገዴን ልመልስላቸው። የቀለጠ መስታወት የራሱ ምርጫ አለው፣ ወደ 6 ሚሊሜትር ውፍረት መሄድ ይፈልጋል። 3 ሚሜ ብቻ ከሰጣችሁት ከዳር እየጎተተ ይሰበሰባል፣ 9 ሚሜ ከሰጣችሁት ይፈሳል። ሁለት ባለ 3 ሚሜ ብትደራርቡ የቆረጣችሁትን ቅርጽ ይዞላችሁ ይወጣል። በአንድ ንብርብር መስራት ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ አታቅልጡት፣ ከ730 እስከ 760 ባለው ላይ ጠርዙ ብቻ ሲለሰልስ አቁሙት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የያዝኩት ስራ ነው። ከመስኮት መስታወት የምሰራቸው ላያቸው ላይ እንደ ጉም ያለ ነጭ ነገር ይለብሳሉ፣ ባጥበውም አይለቅም። ሙያዬ መካኒክ ስለነበር ምክንያቱን ጭምር ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። — አንድ አባት

መልስ፦ አባቴ ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው ነው በዚህ ስራ ሩቅ የሚሄደው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ዴቪትሪፊኬሽን የሚባለው ነው። መስታወት ጠጣር ቢሆንም ውስጡ እንደ ጨው ወይ እንደ ስኳር በስርአት የተደረደረ አይደለም፣ የተዘበራረቀ ነው። ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ባለው ውስጥ ብዙ ከቆየ ግን ላዩ ላይ ያለው መደርደር፣ ማለትም ክሪስታል መስራት ይጀምራል፣ ያ ነው ጉም የሚመስለው። ለመነሻ ደግሞ ቆሻሻ ይበቃዋል፣ የጣት አሻራ፣ የመቁረጫው ዘይት፣ ያልታጠበ የሳሙና ቅሪት። የመስኮት መስታወት ለዚህ ነገር ከሌላው የበለጠ ተጋላጭ ነው። መፍትሄው በደንብ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዛ በኋላ በጠርዙ ብቻ መያዝ፣ ሲወጣም ሲወርድም ያን የሙቀት ክልል ቶሎ ማለፍ ነው። ጥቂት ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሀ አሟሙተው ላዩን በስሱ ቢነፉበትና ሲደርቅ ቢያስገቡት ይከላከልልዎታል። ቀድሞ የለበሰውን ደግሞ ውሀ እያደረጉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው እንደገና ማቅለጥ ይቻላል።

ሁለተኛው የመስኮት መስታወት ብቻ ያለበት ጣጣ ነው። የዛሬ የመስኮት መስታወት የሚሰራው ቀልጦ የፈሰሰውን መስታወት ቲን የሚባል ብረት ቀልጦ በተኛበት ባህር ላይ በማንሳፈፍ ነው፣ እንግሊዛዊው አላስቴር ፒልኪንግተን ያመጣው ዘዴ ነው፣ በ1959 ነው ለአለም የታወጀው። ቲኑን የነካው ጎን ጥቂት ቲን ይዞ ይቀራል፣ በአይን አይታይም። ያ ጎን ሞልድ ውስጥ ሲታጠፍና ሲጨማደድ ግን ወተት የመሰለ ነገር ያወጣል። ጎኑን ለመለየት አጭር ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት በጨለማ በጎን በኩል ያብሩበት፣ የቲኑ ጎን ደብዘዝ ያለ ነጭ ብርሀን ይሰጣል (መብራቱን በቀጥታ አይዩት፣ መከላከያ መነጽር ያድርጉ)። ከለዩ በኋላ በማርከር ምልክት አድርገው እያንዳንዱ ስራ ላይ የትኛው ጎን ወደላይ እንደነበር ይመዝግቡ። ጎድጓዳ ነገር ሲሰሩ የውስጡ ገጽ ነው የሚጨማደደው፣ ስለዚ የቲኑን ጎን ወደታች አድርገው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ እቶን የለኝም። በቤት ኦቨን ይሆናል? ማይክሮዌቭስ? — ጉጉው

መልስ፦ ኦቨን አይሆንም፣ ከ300 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ መስታወት ደግሞ መለስለስ የሚጀምረው ከ600 በላይ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚገባ ትንሽ እቶን ግን አለ፣ እንደ ድስት ክዳን ያለ ነገር ነው፣ ውስጡ የማይክሮዌቩን ሞገድ ወስዶ የሚግል ልባስ አለው። ለአንገት ጌጥና ለጉትቻ የሚሆን ትንንሽ ነገር ይሰራል፣ ማረፊያ ሙቀት ላይ ማስቆም ግን አይቻልም፣ ስለዚ ከሳንቲም ብዙም ያልበለጠ ስራ ላይ ተወሰን። ምግብ ለሚሞቅበት ማይክሮዌቭ ግን አትጠቀምበት፣ ለብቻው የተለየ ይኑርህ። ሲወጣ እሳት ነው፣ ክዳኑ እንደተከደነ እጅህ እስኪችለው ድረስ ተወው።

ጥያቄ፦ መሰረታዊውን አውቄዋለሁ፣ አሁን መሞከር ነው የምፈልገው። ሁለት መስታወት መሀል ነገሮችን አስገብቼ ማቅለጥ፣ ብረት፣ ቅጠል፣ ምናምን። ምን ይሰራል ምን አይሰራም? — መሞከር የምትወድ

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ስለምለው ነው።

ከመዳብ ጀምሪ። እንደ ወረቀት የሳሳ መዳብ በመቀስ በፈለግሽው ቅርጽ ቁረጪና በሁለት ንጹህ መስታወት መሀል አድርጊ። መዳብ የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ቀለሙ ግን የሚሆነውን ቀድመሽ አታውቂውም፣ አየር ያገኘው ቦታ ይጠቁራል፣ በደንብ የታሸገው ከጡብ ቀይ እስከ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ዳር ዳሩ ላይ አንዳንዴ ሰማያዊ ጥላ ይመጣል። የሳሳ መሆን ያለበት ለምን መሰለሽ፣ መዳብ በሙቀት ከመስታወት በእጥፍ አካባቢ ነው የሚሰፋው፣ ስስ ከሆነ ለስላሳ ስለሆነ ለመስታወቱ እሺ ይለዋል፣ ወፍራም ሽቦ ከሆነ ግን እሺ አይልም፣ ይሰነጥቀዋል። የብር ፎይል ንጹህ መስታወት ውስጥ ዳሩን ቢጫ ያደርገዋል፣ በጣም ያምራል። አሉሚኒየም 660 ላይ ስለሚቀልጥ ግራጫ ኩሬ ነው የሚሆንብሽ። ናስና በዚንክ የተለበጠ ብረት በፍጹም አታስገቢ፣ የዚንኩ ጭስ ሳንባ ይጎዳል።

ቅጠል ይሰራል፣ በደንብ የደረቀ ከሆነ ብቻ። ውስጥ እያለ ተቃጥሎ ነጭ አመድ ሆኖ ይቀራል፣ የደም ስሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ፣ ጭሱ መውጫ ስለሚፈልግ ግን ቀደም ብዬ ለአረፋው የነገርኩትን ማረፊያ አስረዝሚው። አረፋ ራሱን ብትፈልጊው ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ በጣም በጥቂቱ በውሀ በጥብጠሽ በብሩሽ ሳዪበት፣ ሲሞቅ ጋዝ ስለሚለቅ የሳልሽው መስመር በአረፋ ተሞልቶ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስደስተኝ ግን ምንም ነገር ሳይጨመር መስታወቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ የሚያደርጉት ነገር ነው። የመስታወት ቀለም የሚመጣው ውስጡ ካሉ ማእድናት ነው። ቱርኩዋዝ የሚባለው አረንጓዴ ሰማያዊ ብዙ ጊዜ መዳብ አለው፣ ክሬም መልክ ያላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ ሰልፈር አላቸው። ሁለቱን አስነክተሽ ስታቀልጪያቸው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ማንም ያልሳለው ጥቁር ቡናማ መስመር ይወጣል፣ በቀጭን ብዕር የተሰመረ ነው የሚመስለው። ፍርፋሪ አድርገሽ ከበተንሻቸው እያንዳንዷ ፍርፋሪ ኩል እንደተኳለች ሆና ትወጣለች። አንዳንድ ቀይና ብርቱካናማ መስታወቶች ደግሞ ሳይቃጠሉ ፈዛዛ ወይ ቢጫ ወይ ምንም ቀለም የሌላቸው ይመስላሉ፣ እሳት ሲያገኙ ነው እውነተኛ ቀለማቸው የሚመጣው፣ ስለዚ ከመግዛትሽ በፊት ሲቃጠል ምን እንደሚሆን የተጻፈውን አንብቢ።

ይሄ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ሰው መስታወትን በቱቦ መንፋት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ዘመን በምስራቅ ሜዲትራኒያን ጠረፍ ነው፣ ከዛ በፊት ግን ባለቀለም ቁርጥራጮችን ደርድረው አጣብቀው በሞልድ ላይ እያለሰለሱ ጎድጓዳ ሳህን ይሰሩ ነበር። ሙዚየም ውስጥ ጠጋ ብለሽ ስታዪያቸው አንዱ ቁራጭ ሌላውን የነካበት መስመር ይታያል፣ ያንቺ እቶን ውስጥ የሚሆነው ያው ራሱ ነው።

አሁን ወደ አሰራሩ። መሞከር ማለት ያገኘሽውን ሁሉ አንድ ላይ ጨምረሽ ማቅለጥ አይደለም፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። አምስት በአምስት ሳንቲሜትር የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ቁረጪ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ሙከራ፣ አንዱን ግን ምንም ሳታስገቢበት ባዶውን አቃጥዪው ማነጻጸሪያ እንዲሆንሽ። እቶን ውስጥ የቱ ጋ እንደነበረ እንኳን ጻፊ፣ ብዙ እቶን መሀሉና በሩ ጋ ያለው ሙቀት አንድ አይደለም። የኔ ደብተር ገጹ ሁሉ እንደዚህ ነው፦ ቀን፣ የመስታወቱ አይነት፣ ውፍረት፣ በሰአት ስንት ዲግሪ ወጣ፣ የት ስንት ደቂቃ ቆመ፣ ሲወጣ ምን መሰለ። ካሬዎቹን ጀርባቸው ላይ በአልማዝ ብዕር ቁጥር ቀርጬባቸው ሳጥን ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ፣ የከሸፉትም አሉበት፣ እንደውም ብዙ ጊዜ የማወጣው እነሱን ነው።

ከመጀመርሽ በፊት ሳንባሽን አደራ። መስታወቱ እንዳይጣበቅ የእቶኑ መደርደሪያ ላይ የሚቀባው ኪልን ዎሽ ካኦሊን (ነጭ ሸክላ) እና አሉሚና የሚባል ዱቄት ነው፣ ሲደርቅ ይቦናል፣ የፋይበር ፔፐርና የመስታወት ዱቄትም እንደዛው። ስትፍቂው ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጊ፣ በእርጥብ ስፖንጅ አንሺው፣ ለብናኝ የሚሆን በደንብ የሚገጥም ማስክ አድርጊ፣ የጨርቅ አይበቃም። ሙሉ ሙቀት ላይ አንድ ጊዜ የተቃጠለውን ኪልን ዎሽ ደግሞ ፍቀሽ አዲስ ቀቢ፣ አለበለዚያ መስታወትሽ ስር ተጣብቆ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለመጀመሪያው ቀን አምስት ካሬ ይበቃሻል፣ አንድ ባዶ፣ አንድ መዳብ፣ አንድ ብር፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ቱርኩዋዝና ክሬም። ማታ አስገቢያቸው።